ሮቤር ሁዳን፦ ከሰዓት ሠሪነት እስከ ምትሐት መድረክ

በአዲስ አበባ ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም አገልግሎት መስጠት የጀመረ ሲሆን የሚንቀሳቀሰውም በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ የሚገኘው ኃይል በሞተሩ ውስጥ የማግኔት ጉልበት ፈጥሮ መንኮራኩሮቹን ያሽከረክራል። ጦር ኃይሎች ላይ የሚወርድ ተሳፋሪ ይህን እንደ ተአምር አይቆጥረውም። ከ170 ዓመት ገደማ በፊት ግን ይኸው በኤሌክትሪክ የሚፈጠር የማግኔት ጉልበት ከአንድ የቲያትር መድረክ ወለል ሥር ተደብቆ በሰሜን አፍሪካ የጎሳ አለቆችን ለማስደንገጥ ውሏል። ብልሃቱን ያቀናበረውም ወታደር ወይም ሹም ሳይሆን ጡረታ የወጣ የመድረክ ምትሐተኛ ነበር።

ይህ ሰው ፈረንሳዊው ዣን ኧዤን ሮቤር ሁዳን ነው። በሙያው ሰዓት ሠሪ የነበረው ሮቤር ሁዳን ምትሐትን ከገበያ አደባባይ አንስቶ ወደ ተከበረ ቲያትር ቤት በማስገባቱ የዘመናዊ የመድረክ ምትሐት አባት የሚል ስም አትርፏል። የሕይወት ታሪኩ የአንድ ዝነኛ ሰው ገድል ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት እውቀት ለመዝናኛ፣ ለሥልጣን ወይም ለኑሮ ማቃለያ ሊውል እንደሚችል፣ ልዩነቱም ያለው ምስጢሩን በያዘው ሰው ዓላማ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ሮቤር ሁዳን እ.ኤ.አ በ1805 መካከለኛው ፈረንሳይ ውስጥ በምትገኘው ብሏ ከተማ ተወለደ። የትውልድ ስሙ ዣን ኧዤን ሮቤር ሲሆን አባቱ ፕሮስፔር ሮቤር በከተማዋ የታወቀ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሕፃኑ ያደገው በጥርስ መዘውሮች፣ በሞላዎችና በመዶሻ ድምፅ መካከል ነው። በ11 ዓመቱ ኦርሌአን ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተልኮ በ18 ዓመቱ ትምህርቱን አጠናቀቀ። የአባቱ ምኞት ልጁ ሕግ ተምሮ ከእጅ ሥራ የተሻለ ደረጃ ላይ እንዲደርስ ነበር። በዚህም ምክንያት በአንድ የውል አዋዋይ ጽሕፈት ቤት የሰነድ ገልባጭ ሆኖ ተቀጠረ።

ይሁንና ወጣቱ ከሰነዶቹ ይልቅ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ለነበሩት የወፍ ጎጆዎች የሚንቀሳቀሱ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን በመፈልሰፍ ጊዜውን ያሳልፍ ነበር። አሠሪው ልጁ ለሕግ እንዳልተፈጠረ ተገንዝቦ አባቱን በማግባባቱ ወጣቱ ከዘመዱ ዘንድ የሰዓት ሥራን መማር ጀመረ።

ወደ ምትሐት የገባበት አጋጣሚ በስህተት የተከሰተ መሆኑን ራሱ ጽፏል። ስለ ሰዓት አሠራር የሚያስተምር ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ለመግዛት ወደ መጻሕፍት መሸጫ ጎራ ይላል። ሻጩ በጥድፊያ ጠቅልሎ የሰጠውን ቤቱ ወስዶ ሲፈታው ግን ያገኘው ስለ ሳይንስ ጨዋታዎችና ስለ ምትሐት ብልሃቶች የሚገልጽ ሥራ ሆነ። መጽሐፉን ሊመልስ አስቦ ጥቂት ገጾች ሲያነብ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አነጋ። መጽሐፉ ብልሃቶቹን ቢገልጽም የእጅ ፍጥነትን ስለማያስተምር በከተማው ከነበረ አንድ አማተር ምትሐተኛ በክፍያ ትምህርት ወሰደ። ዓይኑን ከመጽሐፍ ሳይነቅል አራት ኳሶችን በአየር ላይ እያፈራረቀ መቅለብ እስኪችል ድረስም ተለማመደ።

በሕይወት ታሪኩ ውስጥ እጅግ አነጋጋሪ የሆነው ክፍል ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ሮቤር ሁዳን በጻፈው የሕይወት ትዝታ መሠረት፣ ወጣት ሳለ በምግብ መመረዝ ታሞ ወደ ቤተሰቡ ሲጓዝ ራሱን ስቶ ከሠረገላ ላይ ይወድቃል። ከመንገድ ያነሳውና ያስታመመውም ቶሪኒ የሚባል ተጓዥ ምትሐተኛ ነበር። ይህ ሰው እውነተኛ ማንነቱ ባላባት እንደሆነ፣ በሮም ሊቀ ጳጳስ ፊት ሳይቀር ችሎታውን እንዳሳየ ተጽፏል። በአንድ ትርኢት ላይም በገዛ ልጁ ራስ ላይ በተቀመጠ ፖም ላይ ሲያነጣጥር በሐሰተኛው ጥይት ምትክ እውነተኛ ጥይት ገብቶ ልጁን ገደለ። ለእስር ተዳረገ፤ ሚስቱም ሞተችበት። ወጣቱን ከመንገድ ያነሳውም የሞተውን ልጁን ስለመሰለው እንደሆነ፣ የሙያውንም ምስጢር ሁሉ እንዳወረሰው ታሪኩ ያስረዳል።

የምትሐት ታሪክ ተመራማሪዎች የዚህን ታላቅ ምትሐተኛ አሻራ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። የዚያ ዘመን ስመ ጥር ምትሐተኞች በጋዜጣም ሆነ በትርኢት ማስታወቂያ ስማቸው ተጠቅሶ ሲገኝ የቶሪኒ ግን ሊገኝ አልቻለም። በዚህም የተነሳ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ቶሪኒ ሮቤር ሁዳን በብዕሩ የፈጠረው ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ነው ከሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ ግን አንባቢ በቶሪኒ ኀዘን ከልቡ አዝኗል። በመድረክ ላይ ያልነበረውን እንዳለ ማስመሰል ሙያው የሆነ ሰው በወረቀት ላይም ይህንኑ ማድረጉ የሚያስገርም አይደለም። አንባቢ ግን የሮቤር ሁዳንን ታሪክ ሲያነብ አብዛኛው ከራሱ ብዕር የተገኘ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

ሰነድ ወደሚያረጋግጠው የሕይወቱ ምዕራፍ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ በ1830 ጆሴፍ ሴሲል ሁዳን የተባለችውን ወጣት አገባ። አባቷ ፓሪስ ውስጥ ታዋቂ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሙሽራው የሚስቱን የቤተሰብ ስም ከራሱ ጋር አጣምሮ ሮቤር ሁዳን ተባለ፤ ኑሮውንም በፓሪስ በአማቱ የሥራ ቤት አደረገ። ስምንት ልጆች ወልደው በሕይወት የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሚስቱም በ1843 በወጣትነት ዕድሜዋ በመሞቷ ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት አግብቷል።

በእነዚያ ዓመታት ሮቤር ሁዳን መዘውሩ የት እንዳለ የማይታወቅ፣ ሰሌዳውም ሆነ ምሰሶው ከመስተዋት የተሠራ ሰዓት በመሥራት ዝናን አገኘ። ከዚህም በላይ የሰው ቅርጽ ያላቸውና በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችን ይሠራ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ሲጠየቅ በብዕር የሚጽፍና ሥዕል የሚሥል ነበር። በ1844 በፓሪስ በተካሄደው የኢንዱስትሪ ዓውደ ርዕይ ላይ ንጉሥ ልዊ ፊሊፕ ይህን ሥራ ተመልክቷል። ሠሪውም የብር ሜዳሊያ ተሸልሟል። አሻንጉሊቱ በኋላ በአሜሪካዊው የትርኢት ነጋዴ ባርነም ተገዝቷል።

የራሱን ቲያትር የመክፈት ሕልሙ እውን የሆነው አንድ ወዳጁ የሆነ ባላባት 15 ሺህ ፍራንክ ካበደረው በኋላ ነው። ፓሌ ሮያል በሚባለው የፓሪስ ክፍል 200 ያህል ተመልካቾችን የሚይዝ ትንሽ አዳራሽ አዘጋጅቶ ሐምሌ 3 ቀን 1845 እ.ኤ.አ የመጀመሪያውን ትርኢት አቀረበ። የመጀመሪያው ምሽት ግን አልተሳካም። በፍርሃት ተውጦ ቃላትን እያጣደፈ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ እየተናገረ ጨረሰ። ሙያውን ርግፍ አድርጎ ሊተው ቢያስብም ሐሳቡን ቀይሮ ራሱን እያረመ መሥራቱን ቀጠለ።

ሮቤር ሁዳን ያመጣው ለውጥ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን መመልከት ያሻል። አብዛኞቹ ምትሐተኞች ረጅም ካባ ለብሰው፣ ሾጣጣ ቆብ ደፍተው፣ መድረኩን በሻማና በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሞልተው ይቀርቡ ነበር። ጠረጴዛዎቻቸው እስከ ወለል በሚደርስ ጨርቅ የተሸፈኑ ሲሆኑ ረዳት የሚደበቅባቸው መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይታወቅባቸው ነበር። ሮቤር ሁዳን ይህን ሁሉ አስወገደ። አዳራሹን እንደ አንድ የተከበረ ቤተሰብ ሳሎን አሰናዳው፤ እሱም ተመልካቾቹ ለእራት ግብዣ የሚለብሱትን ዓይነት ጥቁር ልብስ ለብሶ ወጣ። ምትሐተኛ ማለት የጠንቋይ ሚና የሚጫወት ተዋናይ እንጂ ጠንቋይ አይደለም የሚለው እምነቱም ከዚህ አሠራሩ ጋር የተቆራኘ ነበር።

ከትርኢቶቹ መካከል በ1846 የጀመረው ሁለተኛው ዕይታ የተባለው ከፍተኛ ዝና አስገኝቶለታል። ልጁ ኤሚል ዓይኑ ተሸፍኖ መድረክ ላይ ተቀምጦ ሳለ አባቱ ከተመልካቾች እጅ የሚቀበለውን ዕቃ ሁሉ በስምና በመልክ ይናገር ነበር። በሌላ ትርኢት በመድረክ ላይ የተቀመጠች የብርቱካን ዛፍ በተመልካች ፊት አብባ ፍሬ ትሰጥ ነበር፤ ይህም የሰዓት ሠሪነቱ ውጤት ነው።

በ1847 ደግሞ የወቅቱን የሕክምና ዜና ለመድረኩ ተጠቀመበት። ከአንድ ዓመት በፊት ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በአሜሪካ በቀዶ ሕክምና ላይ ውሎ የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሮቤር ሁዳን ኤተር የሰውን አካል እንደሚያቀልል በማስመሰል ታናሽ ልጁን በክርኑ ብቻ በአንዲት ዘንግ ላይ አስደግፎ በአየር ላይ አጋደመው። አዳራሹም የኤተር ሽታ እንዲሸት ተደረገ። ለሕፃኑ ጤና የሰጉ ተመልካቾች ተቃውሞ እስከማሰማት ደርሰዋል። ይህም ምትሐተኛው የዘመኑን ሳይንስ ቋንቋ ተናግሮ ሳይንስ ያልሆነውን ነገር እንዴት ማሳመን እንደቻለ የሚያመለክት ነው።

በ1848 በፈረንሳይ አብዮት ሲነሳ የቲያትር ቤቶች ገበያ ቀዘቀዘ። ሮቤር ሁዳን ወደ ለንደን ተሻግሮ በሴንት ጄምስ ቲያትር ትርኢቱን አቀረበ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊትም ተጫወተ። በ1852 ቲያትሩን ለአማቹ አስረክቦ በትውልድ ከተማው አጠገብ ወደሚገኘው የሴን ዠርቬ መኖሪያው ገባ። የመድረክ ሕይወቱ ያበቃ መስሎ የታየውም በዚህ ጊዜ ነበር።

ከጡረታው ያስወጣው ጥሪ የመጣው ከመንግሥት ነው። ፈረንሳይ አልጄሪያን በ1830 ወርራ ከያዘች ሩብ ምዕተ ዓመት ቢቆጠርም ተቃውሞው አልበረደም ነበር። በተለይ ማራቡት የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች በሕዝቡ ዘንድ ተሰሚነት ነበራቸው። ከእነርሱም መካከል ተአምር እናሳያለን የሚሉ ነበሩ። የቅኝ ገዥው አስተዳደር የፖለቲካ ቢሮ ኃላፊ የነበረው ኮሎኔል ደ ኔቩ፣ የፈረንሳዩ ምትሐተኛ ከእነርሱ የበለጠ ተአምር አሳይቶ ተሰሚነታቸውን እንዲያሳጣ ሐሳብ አቀረበ። ሮቤር ሁዳን ጥሪውን ተቀብሎ በ1856 ወደ አልጀርስ ተጓዘ።

የትርኢቱ ዋና ክፍል አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረች። ሮቤር ሁዳን ከተመልካቾቹ መካከል ብርቱ የሆነ ሰው ጠርቶ ሣጥኗን እንዲያነሳ አደረገው፤ ሰውየውም በቀላሉ አነሳት። ቀጥሎ ጉልበቱን እንደወሰደበትና ከእንግዲህ እንደ ደካማ እንደሚሆን ነገረው። ሰውየው ሣጥኗን በሙሉ ኃይሉ ቢስባትም ንቅንቅ አልል አለችው። በመጨረሻም እጁን ነዘረውና ጮኾ መድረኩን ጥሎ ወጣ። ምስጢሩ ቀላል ነበር። የሣጥኗ ወለል ብረት ሲሆን ከመድረኩ ሥር ኤሌክትሮማግኔት ተቀብሯል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲለቀቅ ሣጥኗ ከወለሉ ጋር ትጣበቃለች። ንዝረቱም በእጀታዋ በኩል የተላለፈ ኤሌክትሪክ ነው።

ይህችው የሣጥን ትርኢት ቀደም ሲል በፓሪስ እንደ ጨዋታ ቀርባ ሕዝብ ያዝናናች ነበረች። በአልጀርስ ግን ጨዋታነቷ ተትቶ የሰውን ጉልበት የመንጠቅ ሥልጣን ተደርጋ ቀረበች። በዚያው ምሽት ምልክት የተደረገበት ጥይት ሲተኮስበት በቢላዋ ጫፍ በያዘው ፖም ውስጥ ተቀብሎ አሳየ። ከዚያም አንድ ወጣት በጨርቅ ሾጣጣ ሸፍኖ ከጠረጴዛ ላይ ሰወረው። ተመልካቾቹ በድንጋጤ ወደ በሩ ሲሮጡ የተሰወረውን ወጣት በር ላይ ቆሞ አገኙት።

ከትርኢቱ በኋላ የአስተዳደሩ አስተርጓሚዎች ያዩት ሁሉ የእጅ ጥበብ እንጂ ጥንቆላ እንዳልሆነ ለታዳሚዎቹ እንዲያስረዱ ተደረገ። ይህም የተደረገው የማራቡቶቹም ተአምር እንዲሁ ነው የሚል መልእክት ለማስተላለፍ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አለቆች በዓረብኛ የተጻፈና ማኅተም ያለበት የምስጋና ጽሑፍ እንዳበረከቱለት ሮቤር ሁዳን ዘግቧል። ወደ አገሪቱ ውስጥ ዘልቆም አንድ ማራቡት ሽጉጥ እንዲተኩስበት ተፈታትኖት ጥይቱን በጥርሱ መካከል ይዞ እንዳሳየ ጽፏል። ይህንንም ያደረገው ጥይቱን ቀድሞ ባዘጋጀው የሰም ጥይት ለውጦ ነው።

የእነዚህ ታሪኮች ምንጭ በአብዛኛው ራሱ ባለታሪኩ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። አዳራሽ ውስጥ የነበሩት አልጄሪያውያን ምን እንደተሰማቸው በራሳቸው አንደበት አልተጻፈም። ሲደነግጡ የምናያቸው በድል አድራጊው ብዕር ብቻ ነው። ምትሐቱ አገሩን አሳመነ የሚለው አባባልም ከታሪክ ጋር አይጣጣምም። ተራራማው የካቢሊ ምድር በፈረንሳይ እጅ የወደቀው ከአንድ ዓመት በኋላ በ1857 ሲሆን ያስገበረውም ማርሻል ራንዶን የመራው ጦር ሠራዊት ነበር።

በዚያው ዘመን በአገራችን ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ብዙም አልቆዩም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓውያን ዘንድ አጥብቀው የሚሹት የእጅ ባለሙያዎችን ነበር። በጋፋት ያሠሩት የመድፍ ማምረቻም የዚህ ፍላጎት ምስክር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት የኃይሉን ምስጢር በአገር ውስጥ ማወቅ ነበር። ወደ አልጄሪያ የተላከው ግን ምስጢሩን ከወለል ሥር ደብቆ ውጤቱን ብቻ የሚያሳይ ሰው ነው።

ሮቤር ሁዳን ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ቀሪ ዘመኑን በጽሑፍና በምርምር አሳልፏል። ከሕይወት ትዝታው ሌላ በ1861 የቁማር አጭበርባሪዎችን ዘዴ የሚያጋልጥ፣ በ1868 ደግሞ የምትሐትን ሙያ ከነምስጢሩ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። መድረክ ላይ የደበቀውን በመጽሐፍ ገለጠ ማለት ይቻላል። ስለ ዓይን መመርመሪያ መሣሪያዎችም አጥንቷል።

መኖሪያ ቤቱም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። የግቢው በር እንግዳ ሲመጣ በራሱ ይከፈታል፤ ደወሉም ምን ያህል ሰው እንደገባ ለቤተሰቡ ያስታውቃል። በየክፍሉ ያሉት ሰዓቶች በአንድ ዋና ሰዓት ይመሩ ነበር። ለፈረሱ የሚቀርበው መኖ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ከሥራ ክፍሉ በሚላክ ኤሌክትሪክ ከማጠራቀሚያው ይወርድ ነበር። ሣጥኗን ከወለል ጋር ያጣበቀው የኤሌክትሪክ እውቀት እዚህ ቤት ውስጥ በርና ሰዓት ሆኖ ሰው አገለገለ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የኀዘን ነበሩ። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ሲገጥሙ የጦር መኮንን የነበረው ልጁ ኧዤን በውጊያ ቆስሎ ሞተ። የጠላት ጦር ብሏን ሲይዝም ቤተሰቡ በመኖሪያው አቅራቢያ በሚገኝ ዋሻ ተሸሸገ። ሮቤር ሁዳን በሳንባ ምች ታሞ ሰኔ 13 ቀን 1871 እ.ኤ.አ በተወለደ በ65 ዓመቱ አረፈ። ሌላውን ሕዝብ በጥበቡ ለማስገበር የዘመተው ሰው ሕይወቱ ያለፈው የገዛ አገሩ ተሸንፋ ባየበት ዓመት ነው።

ከሞተ በኋላ ስሙ በሁለት ሰዎች አማካይነት ቀጥሏል። አሜሪካዊው ዝነኛ ምትሐተኛ ሃሪ ሁዲኒ የመድረክ ስሙን ያወጣው ከእሱ ስም ነው። ሆኖም በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ ሮቤር ሁዳን የሌሎችን ፈጠራ የራሱ አስመስሏል ሲል ነቅፎታል። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊዬስ ሲሆን በ1888 የሮቤር ሁዳንን ቲያትር ገዝቶ በራሱም ምትሐት ያሳይ ነበር። ሲኒማ በተፈጠረ ማግስት በ1896 በዚያው አዳራሽ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ወደ ጨረቃ የሚደረግ ጉዞን በሚያሳየው የ1902 ፊልሙም በዓለም ይታወቃል። የሲኒማ ምትሐት ከዚህ የሰዓት ሠሪ መድረክ ጋር የዝምድና ሐረግ አለው። በትውልድ ከተማው ብሏም ለምትሐት ጥበብ መታሰቢያ የሆነ ሙዚየም በ1998 ተከፍቷል።

ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ እንደሰየመው ይታወቃል። በግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ላየ፣ አሠራሩንም ላልተነገረው ሰው ስያሜው አያስደንቅም። ትውልድ አልፎ አሠራሩ ሲታወቅ ግን የዚያ ሕዝብ ልጆች ራሳቸው ፊልም ሠሪዎች ሆነዋል። አልጀርስ ላይ በሣጥኗ የደነገጠው ሰውም ከወለሉ ሥር ያለውን ቢያሳዩት ኖሮ እንደማንኛውም የፓሪስ ተመልካች በሳቀ ነበር።

ዛሬ በጦር ኃይሎች ጣቢያ ባቡሩ ሲቆምና ሲነሳ ማንም አይደነግጥም። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የማግኔት ጉልበት አሠራር በትምህርት ቤት ለሕፃናት ይሰጣል፤ ጥገናውንም የሚሠራው የዚሁ አገር ባለሙያ ነው። ከሮቤር ሁዳን የረጅም ዘመን ሥራ የሚቀሰመው ዋነኛ ትምህርትም ይኸው ነው። ምስጢሩ በጥቂቶች እጅ ሲሆን ማስፈራሪያ የነበረው ኃይል ሁሉም ሲያውቀው የዕለት ኑሮ መሣሪያ ይሆናል።